ለዙ ጉብኝት የትኛው ካርታ ይሻላል? የወረቀቱ፣ የሰሌዳው፣ የአፑ ወይስ የስልካችን

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ልጆቹ «እማማን ዙ እንውሰዳት» አሉ። ከከተማችን ውጭ ወዳለ አንድ ትልቅ ዙ ወሰድናት። በሩ ላይ የሚያምር ካርታ ሰጡን። ዝሆኑ፣ አንበሳው፣ ቀጭኔው በቀለም ተስለውበታል። ልጆቹ ተሻሙበት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁልቁል ወርደን ወርደን ጫፉ ላይ ደረስን። ትንሿ ልጅ ሽንቷ መጣ። በካርታው ላይ ሽንት ቤቱ ከዝሆኑ ጎን ነው፤ በመሀላቸው የአንድ ጣት ስፋት እንኳ የለም። በእግር ሲኬድ ግን መንገዱ ዳገት ሆኖ ተገኘ። ጋሪ እየገፋን ሩብ ሰዓት ፈጀብን፤ ልጅቷም አልቻለችም። እናቴ ጉልበቷን ይዛ መንገድ ዳር ካለ ግንብ ላይ አረፍ አለች። ካርታውን ተቀብላኝ አገላብጣ አየችው። «ልጄ፣ ዝሆኑ ይኸው። አንበሳውም ይኸው። እኛ ግን የት ነን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ዙ ሁሉ ከእንስሳቱ በፊት ካርታውን ማየት ልማዴ ሆኗል። ምርጫው ደግሞ በዝቷል። የወረቀት አለ፣ ሰሌዳ አለ፣ የዙው አፕ አለ፣ ጉግል ማፕስ አለ። ሁሉም «ካርታ» ይባላል እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። አብዛኛውን ምሳሌ የማመጣው ከዋሽንግተኑ ብሔራዊ መካነ እንስሳት ነው። መግቢያው ነፃ ስለሆነ በዲሲና በአካባቢው ያለ ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይወስዳል። መሬቱም ለካርታ ሠሪ ከባድ ፈተና ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መስፈርት የእናቴ ጥያቄ ነው። ካርታው «እኛ የት ነን?» ለሚለው መልስ አለው? እንስሳው ያለበትን ማሳየት ቀላሉ ሥራ ነው። የቆምኩበትን ሳላውቅ ዝሆኑ የት እንዳለ ባውቅ ምን ይረባኛል?

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

የዋሽንግተኑ ዙ በ1889 በኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ ነው። ስፋቱ 163 ኤከር ነው፤ ወደ 66 ሄክታር ማለት ነው። በመጀመሪያው ቅየሳው ላይ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድ እጁ አለበት። ዋናው የእግር መንገድ ዛሬም በስሙ ኦልምስተድ ዎክ ይባላል። መንገዱ ከኮኔቲከት ጎዳና በር ይነሳና ወደ ሮክ ክሪክ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ስትገቡ እግራችሁ ራሱ ይወስዳችኋል። ልጆቹም ገና ትኩስ ናቸው። ስትመለሱ ግን ያው መንገድ ዳገት ነው። የደከመ ልጅ፣ ዕቃ የሞላበት ጋሪ፣ የሚያም ጉልበት፣ ሁሉም የሚመጣው በመመለሻው ላይ ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር መሄጃውን ከመመለሻው አይለይም።

የሳንዲያጎውም እንዲሁ ነው። 100 ኤከር ገደማ ቢሆንም መሬቱ አምባና ሸለቆ ነው። በ1969 ከላይ በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ የተሠራለት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ውስጥ በ2017 የተከፈተ አፍሪካ ሮክስ የሚባል ክፍል አለ። አንዱ ስፍራው በኢትዮጵያ ደጋ የተሰየመ ነው፤ ጭላዳ ይታይበታል። የሰሜን ተራራውን ጭላዳ ለልጁ ሊያሳይ የሄደ ወላጅ የአገሩን ስም ካርታው ላይ ሲያገኝ ልቡ ይሞቃል። ከዚያ ቀጥሎ ማወቅ ያለበት ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ መውረጃ ይሁን መውጫ ነው።

እኛ አገር ቤት አቅጣጫ ስንጠቁም ሰሜን ደቡብ አንልም። «ወደ ላይ ውጡና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋ ታጠፉ፣ ከዚያ ቁልቁል ውረዱ» ነው የምንለው። ላይና ታች፣ ከዚያ አንድ የታወቀ ነገር። በዚህ የለመደ ሰው ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት ቢያይ ብዙም አይጠቀምበትም። ዳገቱንና ምልክቱን የሚያሳይ ካርታ ግን ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ካርታ ስትመርጡ ይህን አስቡ።

ሦስተኛው ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ መቀመጫና መውጫ ነው። ማብራሪያ አይፈልግም። ልጅ ያለው ያውቀዋል።

አራተኛው፣ ሳያነቡት ይገባል ወይ? እንግሊዝኛ የማታነብ እናት፣ ፊደል ገና ያልጀመረ ልጅ፣ መነጽሩን የረሳ አባት፣ ሁሉም ካርታውን መጠቀም አለባቸው። እዚህ ላይ የምወደው ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የዋሽንግተኑን ዙ የመንገድ ምልክቶች የነደፈው ላንስ ዋይማን የተባለ ባለሙያ ከባልደረባው ቢል ካናን ጋር ሆኖ ነው። ኦልምስተድ ዎክን እንደ ግንድ ወሰዱት። ከእሱ የሚወጡትን መንገዶች እንደ ቅርንጫፍ አደረጉና ለየመንገዱ የእንስሳ ምልክት ሰጡት። በየመታጠፊያው ምልክቶቹን የያዘ ምሰሶ ቆመ። መንገዱ ላይ ደግሞ የእንስሳው ኮቴ ተቀባ። ልጅ ኮቴውን እየተከተለ ይሄዳል፤ ማንበብ አያስፈልገውም።

ዋይማን ከዚያ በፊት የሠራው የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ዓርማ ነበር። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። ቀጥሎ በ1969 ለተከፈተው የሜክሲኮ ከተማ ሜትሮ ለየጣቢያው አንድ አንድ ሥዕል አወጣ፤ ማንበብ የማይችልም መንገደኛ በሥዕሉ እንዲወርድ። የዋሽንግተን ሜትሮ የመጀመሪያ ካርታም የእሱ ሥራ ነው። በቀይ መስመር ተሳፍሮ ዙ የሚሄድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ የዚህን ሰው ሐሳብ ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው። ምልክቱ ቀላልና የማይቀያየር ከሆነ ቋንቋ እንቅፋት አይሆንም። እኔ ካርታ ስመዝን አጥብቄ የምይዘው ይህንን ነው።

አምስተኛው፣ የዛሬውን ያሳያል ወይ? ዙ በየጊዜው ይለዋወጣል። በዋሽንግተን የነበሩት ሦስት ፓንዳዎች በኖቬምበር 2023 ወደ ቻይና ተመለሱ። ባዎ ሊና ቺንግ ባዎ የሚባሉት ሁለቱ በኦክቶበር 2024 መጡ፤ ለሕዝብ የታዩት በጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ነው። የወፎቹ ቤት በ2017 ለእድሳት ተዘግቶ የተከፈተው በ2023 ነው። ከድሮ ጉብኝት የቀረ ካርታ በመሳቢያችሁ ካለ ለማስታወሻ አስቀምጡት እንጂ አትመሩበት።

የመጨረሻው ወጪው ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ባትሪና ኔትወርክም ወጪ ነው።

ሥዕላማው የወረቀት ካርታ

ሠዓሊው ከላይ ሆኖ በሰያፍ እንዳየው አድርጎ ይስለዋል። ዛፉ ዛፍ ይመስላል፣ ዝሆኑ ከሕንፃው ይበልጣል። ሳያነቡ ለመረዳት የሚተካከለው የለም። ልጆች ይወዱታል፣ «ቀጥሎ ወዴት?» ብለው ራሳቸው ይመርጡበታል። እናቴም እንስሳቱን ያገኘቻቸው በአንድ ዓይን እይታ ነው።

ችግሩ ርቀት ላይ ነው። ሠዓሊው እንስሳ የሌለበትን መንገድ ያሳጥረዋል፤ የሚታይ ነገር የበዛበትን ያሰፋዋል። ስለዚህ በጣት ስትለኩት ይሸውዳችኋል። ከኮረብታ ጀርባ ያለው መንገድም በሥዕሉ ሊሸፈን ይችላል። «የት ነን?» ለሚለው የሚያግዛችሁ ዓይናችሁ የሚያየውን ሕንፃ ከሥዕሉ ጋር ካመሳከራችሁ ብቻ ነው።

በር ላይ እንደተቀበላችሁ በሁለት ነገር ፈትኑት። መጀመሪያ የቆማችሁበትን በር ፈልጉ። ቀጥሎ ለዚያ በር ቅርብ የሆነውን ሽንት ቤት ፈልጉ። ሁለቱን ቶሎ ካላገኛችኋቸው ያ ካርታ ለልጆቹ መጫወቻ ይሁን፤ ለእናንተ ሌላ ያዙ። በየመንገዱ ላይ የደቂቃ ቁጥር ወይም የዳገት ቀስት ያለበት ካገኛችሁ ግን ሠሪው ስለ እግረኛው አስቧል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አትጣሉት።

በአንዳንድ ቦታ ወረቀቱ በነፃ ይታደላል፣ በሌላው ጥቂት ዶላር ይጠየቅበታል፣ ጭራሽ ማተም የተዉም አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ።

ልኩን የጠበቀው ካርታ፣ ቤት የሚታተመው

ይህ ብዙ ጊዜ በፒዲኤፍ የሚገኝ ነው። መንገዱ መስመር ነው፣ ሕንፃው አራት ማዕዘን ነው፣ እንስሳው በትንሽ ምልክት ወይም በቁጥር ይታያል። አያምርም። ርቀት ላይ ግን ከሥዕላማው የተሻለ ይታመናል። ብዙዎቹ ላይ ለዊልቸር የሚያመቸው መንገድ ተለይቶ ይታያል። ይህ ምልክት ዊልቸር ለማይጠቀምም ጭምር ነው። በአሜሪካ ደንብ የዊልቸር መወጣጫ አስራ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዶ ከአንድ እርምጃ በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ምልክቱን ተከተሉ። ደረጃም አያጋጥማችሁም።

ድካሙ የቁጥሩ ነው። «27» የሚል ክብ ታያላችሁ፤ ከዚያ ጠርዝ ላይ ያለውን ዝርዝር ታስሳላችሁ፤ ስሙን ስታገኙ ክቡ ይጠፋባችኋል። የምልክቶቹ መፍቻ ከካርታው ርቆ ከተቀመጠ ፀሐይ ላይ ቆሞ ማንበብ ያሰለቻል። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ሰው ካላችሁ ደግሞ መንገዶቹ በቀለም ብቻ የተለዩበት ካርታ አይሆነውም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ካርታውን ሙሉ በሙሉ በአንድ ገጽ አላትመውም፤ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። ለሁለት ከፍዬ በሁለት ገጽ አትማለሁ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቼ ዳገቱ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አደርጋለሁ። ሽንት ቤቶቹን ሁሉ አከብባለሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

መንገድ ዳር የቆመው ሰሌዳ

«የት ነን?» ለሚለው በቀጥታ የሚመልስ ወረቀት የለም። ሰሌዳው ግን «እዚህ ነዎት» የሚል ነጥብ አለው። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ አይከፈልበትም።

ታዲያ ለምን ሰው ሰሌዳ አይቶ ተሳስቶ ይሄዳል? በ1980ዎቹ ማርቪን ሌቪን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ አጥንቷል። የሰሌዳው የላይኛው ጫፍ ፊት ለፊታችን ያለውን ካላሳየ ሰው ይሳሳታል። ሰሌዳው ተገልብጦ ከተተከለ፣ በካርታው ቀኝ ያለው በመሬቱ ግራ ይሆናል። ሰው ደግሞ ካርታው ላይ ወደ ቀኝ ያየውን ይዞ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም፤ ሰሌዳውን የተከለው ሰው ነው ያላሰበበት።

ስለዚህ ሰሌዳ ፊት ስትቆሙ አንድ ነገር አድርጉ። በግራችሁ የሚታየውን ትልቅ ነገር ለዩ፤ ሱቅ ይሁን፣ ምሰሶ ይሁን። ካርታው ላይም ከነጥቡ በስተግራ ነው? ከሆነ ሰሌዳው በትክክል ተተክሏል፣ እመኑት። በስተቀኝ ከሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ስልኩን አዙሩት። ስታዞሩት ሥዕሉ አብሮ እየዞረ ካስቸገራችሁ የስክሪኑን መዞሪያ ቆልፉት። ግራው ከግራ ሲገጥም ያን ጊዜ ተነሱ።

ያ ፎቶ ቀኑን ሙሉ ያገለግላችኋል። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ከሁሉም በላይ የታደሰ ስለሚሆን፣ የተዘጋ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው እዚያው ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ችግሩ በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ሰሌዳ ከሌለ ነጥቡ ወደኋላ መቅረቱ ነው። ሰሌዳ እግር የለውም።

የዙው አፕ

ትልልቆቹ ዙዎች አብዛኞቹ የራሳቸው አፕ አላቸው። ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። የቆማችሁበትን በነጥብ ያሳያል፣ የተዘጋውን ይናገራል፣ እንስሳቱ የሚመገቡበትን ሰዓት ያስታውሳል። የወረቀት ካርታ ይህን ሁሉ አይችልም።

ግን በሩ ላይ ቆማችሁ ለማውረድ አትሞክሩ። ልጆቹ እየጎተቷችሁ፣ ኢሜይል እየጠየቃችሁ፣ ፈቃድ እየጠየቃችሁ፣ ሩብ ሰዓት ያልፋል። ማታ ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱት፣ ክፈቱት፣ ካርታው በደንብ እስኪታይ ጠብቁ። ኔትወርክ አጥፍታችሁም ሞክሩት። ኔትወርክ ሲጠፋ ባዶ ስክሪን የሚያሳይ ከሆነ ሸለቆ ውስጥ አያወጣችሁም።

ሌላው የምለው ከልብ ነው። ካርታው ስልክ ላይ ብቻ ሲሆን ካርታው የአንድ ሰው ይሆናል። አንዱ አጎንብሶ ስክሪን ያያል፣ ሌላው ተከትሎ ይሄዳል። አያትም ልጅም ምርጫ የላቸውም። ወረቀት ሲሆን ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ይዘረጋል፣ አራት ራስ ይጎነበስበታል።

ጉግል ማፕስና ያለ ኔትወርክ የሚሠሩ ካርታዎች

ጉግል ማፕስ እስከ በሩ ድረስ አንደኛ ነው። የዙውን ስም ብቻ ጽፋችሁ ግን አትነሱ። ትልቅ ቦታ ብዙ በር አለው። የኒውዮርኩ ብሮንክስ ዙ 265 ኤከር ነው፤ በሮቹ በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። በአንዱ ገብቶ በሌላው የወጣ ሰው መኪናውን ፍለጋ ቀኑ ያልቅበታል። የበሩን ስም ጻፉ፣ ስትገቡም የበሩን ምልክት ፎቶ አንሱ።

በዋሽንግተን በሜትሮ ለሚሄድ የሚጠቅም ነገር አለ። ስሙ ዙ የሚለው ጣቢያ ዉድሊ ፓርክ ነው። ከእሱ እስከ በሩ ግን መንገዱ ዳገት ነው። የሚቀጥለው ጣቢያ ክሊቭላንድ ፓርክ ነው፤ ከዚያ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ሆኖ መንገዱ ቀለል ይላል። እኔ ስሄድ ክሊቭላንድ ፓርክ እወርዳለሁ። ስመለስ ወደ ዉድሊ ፓርክ ቁልቁል እሄዳለሁ። የሜትሮው ካርታ ይህን አይነግራችሁም፤ የጣቢያው ስምም ወደ ዳገቱ ነው የሚመራችሁ።

ዙው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ጉግል ዋና ዋናውን ያሳያል። ሽንት ቤቱንና ደረጃውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰሉ፣ ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ ካርታ ላይ የቆሙ አፖች ይሻላሉ። በነፃ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ካርታውን በጎ ፈቃደኞች ስለሚሠሩት ቀጭኗ የእግር መንገድ፣ ደረጃዋና መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር የተመዘገበባቸው ዙዎች ብዙ ናቸው። ሲም ካርድ ለሌለው እንግዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግምና።

ነጥቡን ግን ከመጠን በላይ አትመኑት። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሲሆን በ5 ሜትር ገደማ ይስታል። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥርና በሕንፃ አጠገብ ስህተቱ ይጨምራል። ሁለት መንገድ ጎን ለጎን በሚሄድበት ቦታ ነጥቡ የታችኛው መንገድ ላይ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ እናንተ የላይኛው ላይ ሆናችሁ። ያን ጊዜ ቀና ብላችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በዋሽንግተኑ ዙ ኦራንጉታኖቹ የሚሻገሩበት ገመድ ከራስ በላይ ተዘርግቷል፤ ከታላላቆቹ ዝንጀሮዎች ቤት ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል። ገመዱን ካያችሁ የት እንዳላችሁ አወቃችሁ። ከማንኛውም ጂፒኤስ ይሻላል።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| ካርታው | «የት ነን?» | ዳገትና ርቀት | ሽንት ቤትና መውጫ | ሳያነቡ ይገባል? | የዛሬውን ያሳያል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሥዕላማ ወረቀት | ደካማ | ደካማ | ይለያያል | በጣም ጥሩ | እስከታተመበት ቀን | ነፃ ወይም ጥቂት ዶላር |
| ልኩን የጠበቀ፣ ቤት የታተመ | መካከለኛ | ርቀቱ ጥሩ፣ ዳገቱን እናንተ ሙሉበት | ጥሩ | ደካማ | ፒዲኤፉ ከታደሰ | የወረቀትና የቀለም |
| ሰሌዳ | በጣም ጥሩ፣ እዚያው ከቆማችሁ | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | ነፃ |
| የዙው አፕ | ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ባትሪና ዳታ |
| ጉግል ማፕስ | ጥሩ | ርቀቱ ጥሩ | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | ባትሪና ዳታ |
| ያለ ኔትወርክ የሚሠራ | ጥሩ | ርቀቱ ጥሩ፣ ደረጃ ያሳያል | ብዙ ጊዜ ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | ባትሪ |

ለማን የትኛው?

ጋሪ ለምትገፉ፦ ልኩን የጠበቀው ካርታ ይሁን፣ የዊልቸሩን መንገድ በእስክሪብቶ አድምቁት። አፕ ካለ ለተዘጋው መንገድ ብቻ ተመልከቱት። የመመለሻውን ዳገት ለመጨረሻ ሰዓት አታስቀምጡት። መጀመሪያ ታችኛው ጫፍ ድረስ ውረዱ፣ ከዚያ እንስሳቱን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ። እያረፉ የሚወጡት ዳገት ያን ያህል አይከብድም።

ከአገር ቤት ከመጡ ወላጆች ጋር ለምትሄዱ፦ ሥዕላማውን ለእነሱ ስጧቸው፣ ሰሌዳውን እናንተ ፎቶ አንሱ። ሁለቱ ይሟላሉ። እነሱ የሚያዩትን ይመርጣሉ፤ እናንተ መንገዱን ትመርጣላችሁ።

ልጆቻችሁ ስድስት ሰባት ዓመት ካለፋቸው ካርታውን እነሱ ይያዙት። ተሳስተው ቢያስኬዷችሁም ግድ የለም፤ በሁለተኛው ጉብኝት አይሳሳቱም።

ምንም ወጪ ለማትፈልጉ፦ የሰሌዳው ፎቶና ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ካርታ ይበቃችኋል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለአንድ ቀን ሙሉ ከሆነ ግን ፓወር ባንክ ያዙ፤ ጂፒኤስ ባትሪ ይበላል።

አዲስ አበባ ላላችሁም ያው ነው። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በ1948 የተቋቋመ ትንሽ ግቢ ነበር፤ ዞር ዞር ብሎ ለማየት ካርታ አያስፈልገውም ነበር። በ2019 የተከፈተው አንድነት ፓርክ ግን የእንስሳት ማቆያውና ቤተ መንግሥቱ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ናቸው። እዚያ ስትሄዱ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ፎቶ ሳታነሱ አትለፉ።

ለማኅበርና ለሰንበት ትምህርት ቤት፦ የራሳችሁን ሥሩ

ሠላሳ አርባ ልጅ ይዞ የሚሄድ አስተባባሪ ከላይ ካሉት በአንዱ ብቻ አይተማመን። አንድ ገጽ የአማርኛ ካርታ መሥራት ከባድ አይደለም። የዙውን ፒዲኤፍ ተመልክታችሁ አንድ ወፍራም መስመር ከላይ ወደ ታች አስምሩ፤ ዋናው መንገድ እሱ ነው። የገጹ ላይኛው ክፍል ከፍተኛው መሬት ይሁን፣ ታችኛው ዝቅተኛው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ስድስት ወይም ሰባት ነገር ብቻ አስቀምጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ማንም አይይዘውም። ከየሥዕሉ ሥር ስሙን በአማርኛ ጻፉ፣ ከጎኑ ደግሞ ሰሌዳው ላይ እንዳለው በእንግሊዝኛ፤ የጠፋ ልጅ ለጥበቃው በጣቱ ማሳየት ይችላል። ሽንት ቤቶቹን ሁሉ አስገቡ። የመገናኛውን ቦታ አንድ ብቻ አድርጉትና በትልቅ ኮከብ አሳዩት። ቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፤ ሐውልት ወይም ትልቅ ሕንፃ። «አይስክሬም ሻጩ ጋ» አትበሉ፣ ሻጩ ይሄዳል። የአስተባባሪው ስልክ ቁጥር በኮከቡ ሥር ይጻፍ።

እናቴ በሁለተኛው ዓመት ስትመጣ እንዲህ ያለውን ካርታ ሠራንላት። መንገዱን እኔ አሰመርኩ፣ እንስሳቱን ትንሿ ልጅ ሳለች። አንበሳው ከድመት ብዙም አይለይም ነበር። የዋሽንግተኑ ዙ በር ላይ ወረቀቱን ሰጠኋት። አውራ ጣቷን መስመሩ አናት ላይ አሳረፈች። በየደረስንበት ጣቷን ትንሽ ወደ ታች ታንሸራትታለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ «ይኸው ዝሆኑ ጋ ደረስን» ትላለች። ቁልቁለቱ ሲያልቅ እዚያው ቆመች። ከወረቀቱ የቀረውን ዳገት በዓይኗ ለካችና «እዚህ እንረፍ፣ ከዚያ እንወጣለን» አለች። ልጆቹም ተቀመጡ።